ስለ ፀዳለ ልንገራችሁ

«ግቡ፣ ግቡ፣ ብርዱ እንዳይመታችሁ» እላለሁ፤ እጄ ግን የበሩን መቀርቀሪያ አልለቅ ብሏል።

ገና ፀሐይ አልወጣችም። የእድራችን ዳኛ አቶ ደበላ ጋቢያቸውን ተከናንበዋል። ጎረቤቴ አስቻለች በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛለች። ሸማኔው ሾዴ ሳይቀር ከሽሮ ሜዳ መጥቷል። ሰው በዚህ ሰዓት ተጠራርቶ ሲመጣ ለምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። እኔም ራሴ በሰው ደጅ እንዲህ ቆሜ መርዶ አርድቻለሁ።

ልጄ ፀዳለ ለሥራ ወለጋ ቆላ፣ ሰፈራ ጣቢያ ከሄደች ጀምሮ ይህንን በር በሐሳቤ ስከፍተው ነው የከረምኩት። ገብተው ተቀምጠዋል፤ ግን እስካሁን ምንም አልተናገሩም። ተራ ካልሰጠኋቸው አይናገሩም።

«አቶ ደበላ፣ ፀዳለ ሶቪየት ኅብረት ስትሄድ ምን እንዳሉ ያስታውሳሉ? ‹ጎመን መትከል ለመማር ሞስኮ ድረስ?› ብለው ሰፈሩን አሳቁብኝ።»

«ብያለሁ» ይላሉ፣ መሬት መሬቱን እያዩ።

«ጎመን አይደለም! የመልክዓ ምድር አርክቴክት ናት። ውሃው በየት ይውረድ፣ ዛፉ የት ይቁም፣ የደከመው የት ይረፍ፣ ይህን ሁሉ የምትነድፍ። ከክፍሏ አንደኛ ወጥታ ቀይ ዲፕሎማ ይዛ መጣች። የእኛን የጉለሌን ገደል መናፈሻ አድርጋ የሠራችውን ሞዴል እንኳ አስተማሪዎቿ አንሰጥሽም ብለው እዚያው አስቀሩት።»

«ልክ ነሽ» ይላሉ አቶ ደበላ።

ልክ ነሽ ብለውኝ አያውቁም። በቦኖ ውሃ ተጣልተናል፣ በእድሩ ድንኳን ተጣልተናል። ምነው ዛሬም ቢከራከሩኝ።

ወደ ሾዴ እዞራለሁ። «አንተስ ተናገር እንጂ! ቤትህ ክረምት ክረምት ምን ይሆን ነበር?»

«ጎርፍ ይገባ ነበር፣ እትዬ። ቁጭ ብዬ የምሸምንበት ጉድጓድ ውሃ ይሞላ ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ፀዱ መጣች። ከበላያችን እርከን አሠራች፣ ሣር አስተከለች፣ ቦዩን በሌላ በኩል አዞረችው… ዘንድሮ አልገባም፣ እትዬ።»

«ይኸው! መሥሪያ ቤቷም ሸልሟታል። ለሰፈራው መንደር ሰው ሲፈለግም ከሁሉም እሷን መረጡ። ወባ አለ፣ አትሂጂ ብያት ነበር። ‹እማዬ፣ ሰዉን ጥላ የሌለበት ሜዳ ላይ አፍስሰውታል፤ ዛፍ እንኳ ላስተክልለት› አለችኝ።»

ይህን ማንሳት አልነበረብኝም። አቶ ደበላ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ።

«የዓለምወርቅ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ስሚኝ…»

«አልጨረስኩም!»

ከሽልማቱ በፊት ምን ነበር? ማትሪክ፤ ውጤቷ በትምህርት ቤቱ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። እሱን እነግራቸዋለሁ። ከዚያ በፊት? ደብል መትታ፣ አንድ ክፍል ዘልላ ስምንተኛ መግባቷን። ከዚያ በፊት? ቄስ ትምህርት ቤት ከወንዶቹ ቀድማ ዳዊት መድገሟን። ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ እሄዳለሁ።

«ጥርስ ሳታወጣ ነው የቆመችው» እላለሁ። «ይህንን ግድግዳ ይዛ። ማንም አላስተማራትም፣ ብቻዋን።»

ከዚያ በፊት ምንም የለም።

አቶ ደበላ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ። ሾዴም ይነሳል። አስቻለች ከኋላዬ መጥታ በሁለት እጆቿ ወገቤን ጥብቅ አድርጋ ትይዘኛለች።

«ምን ሆነሻል፣ አስቻለች?» እላታለሁ። «አልወደቅኩም እኮ።»