ቄስ ዘሥላሴ ሰላይ ሾሙ

የቄስ ዘሥላሴ ልጅ ሮዳስ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የመረጠችውን የጥናት ርዕስ የነገረቻቸው ዕለት ጉርሻቸው ጉሮሯቸው ላይ ቀረ። «ሴቶች ለቡድሃ ሃይማኖት ያበረከቱት አስተዋጽኦ።»

«ምነው ልጄ! የእነዋሪ ገብስ አይጠናም?»

«ጥናት ብቻ እኮ ነው አባዬ።»

«ይሁዳም በጥናት ነው የጀመረው!» አሉ። ቄሱ ሲናደዱ የሚጠቅሱት ከራሳቸው ነው።

ዘራቸው ከአያት ከቅድመ አያት ካህን ነው። አንዲት ልጃቸው እንደ ቡድሃ መነኩሲት ተላጭታ ብትኮበልል ደብረ ብርሃን ላይ በየት በኩል ቀና ብለው ሊሄዱ? ፈሩ፤ እንቅልፍ አጡ። በመጨረሻ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ወለተሐናን ሰላይ አድርገው ሾሙ።

«አጠገቧ ቁጭ በይ። የምታነበውን ታንብብልሽ፤ ከዚያ ለኔ።»

ወይዘሮ ወለተሐና ሥራውን ወደዱት። እስኪጠሩ እንኳን አይጠብቁም ነበር።

«ቡድሃን ያሳደገችው አክስቱ ናት አሉ። ልመንኩስ ብትለው እምቢ አላት። ብትደግም፣ ብትሠልስ እምቢ። እሷ ምን ቆርጧት! ተላጭታ በባዶ እግሯ ተከተለችው፤ ፈቀደላት።»

«አየሽ? መላጨት አለበት!»

«እርስዎ ቢሆኑ ይፈቅዱላት ነበር?»

«እኔ ቡድሃ ነኝ? ቤቱን ማን ሊይዘው! ይልቅ ራት አቅርቢ።»

በሌላ ቀን ደግሞ «ሴቶቹ መነኮሳት ቅኔም ይቀኙ ነበር» አሏቸው።

«ሴት? ቅኔ?» ቄሱ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ከቀትር በኋላም እህል አይቀምሱም።»

ሳቃቸው ቆመ። «እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጾማለን፤ እነሱ ከስድስት በኋላ አይበሉም። ሁለቱን ከያዘችው ይቺ ልጅ መቼ ልትበላ ነው?»

ኅዳር ሲገባ ሮዳስ የሱፍ ቆብ አጥልቃ ቤት ውስጥም አላወልቅ አለች። በደብረ ብርሃን ብርድ ቆብ ማድረግ ነውር አይደለም፤ ቄሱ ግን ቆቡን እንጂ ብርዱን አላዩም።

ቅዳሜ ጧት ወይዘሮ ወለተሐና ነጠላቸውን ጥምጥም አድርገው ተነሡ። «አንኮበር ወደ ገዳሙ ልሂድ። ይፈቅዳሉ?»

«እሰይ! ስለ ልጃችን አልቅሺልኝ። የፈለግሽውን ያህል ቆዪ።»

«አፍ አውጥተው ይበሉት እንጂ።»

«ፈቅጃለሁ አልኩሽ እኮ!» መስቀል አሳልመው መናኸሪያ ድረስ ሸኟቸው። እንዲህ ያለች ሚስት ስለሰጣቸውም መንገድ ለመንገድ አመሰገኑ።

ተመልሰው ጨለማው ጓዳ ውስጥ ቁርስ ሲፈልጉ ከበሩ ጀርባ አንድ ፌስታል እጃቸው ገባ። ዳሰሱት፤ ጸጉር ነው። ከሥሩ የተቆረጠ የሴት ጸጉር!

«አለቀልኝ! ልጄን በሉብኝ!» እያሉ ፌስታሉን እንደያዙ ሮዳስ ክፍል ዘለው ገቡ። «አውልቂ! አውልቂ ይሄን ቆብ!»

«አባዬ፣ ምን ሆነሃል? ይበርደኛል!»

መነጨቁት። ድፍን ጥቁር ጸጉሯ ትከሻዋ ላይ ተዘረገፈ።

ፌስታሉ ውስጥ ያለው ግን እኩሌታው ሽበት ነው።