ዝቅ ያለው ትከሻ

«አውርዱት» ይላል ዲኒ። «ቀስ በሉ። ኮን በዕድሜው ጀልባ አጋድሎ አያውቅም፤ ዛሬ እኛ ካጋደልነው ክዳኑን ገልብጦ ነው የሚሰድበን።»

የአባቴን የኮንን የሬሳ ሣጥን ደጃፋችን ላይ በተደረደሩት አግዳሚዎች ላይ መልሰን እናሳርፈዋለን። ተሸካሚዎቹ ስድስት ነን፤ ሦስት ልጆቹና ሦስት የድሮ የቀዘፋ ጓደኞቹ። ዲኒ የመንደራችንን ሙታን ሁሉ ያስሸከመ ቀብር አስፈጻሚ ስለሆነ ጥፋቱን ፍለጋ ዓይኑ አይዞርም። በቀጥታ እኔ ላይ ያርፋል።

«ሶርካ፣ የኔ ልጅ፣ በአንቺ በኩል ይወርዳል።»

«ሣጥኑ ነው የሚወርደው ወይስ እኔ?»

«ትከሻሽ።»

አውቀዋለሁ። ቀኝ ትከሻዬ ከግራው ዝቅ ይላል፤ የገዛሁት ኮት ሁሉ በዚያው በኩል ይንሸራተታል። በእኛ ጀልባ እያንዳንዱ ሰው አንድ መቅዘፊያ ነው የሚይዘው፣ በአንድ ጎን። የቀዘፋ ክበቡ አሠልጣኝ የነበረው አባባ በአሥራ ሁለት ዓመቴ አንድ ወንበር ላይ አስቀመጠኝና እዚያው አሳደገኝ። ጎን ቀይርልኝ ብዬ ለምኜው ነበር። «ጥሩ ቀዛፊ ወንበሩን አይለቅም» አለኝ። አልለቀቅሁም። ሜዳሊያውም መጣ፣ ወገቤም ሄደ።

ብቻዬንም አይደለሁ። ታላቅ ወንድሜ ፊንባር ብስክሌተኛ ነው፤ ቆሞ እንኳ መሪውን የያዘ ይመስል ይጎብጣል። እህቴ ኑላ ዋናተኛ ናት፤ ትከሻዋ በር ይሞላል፣ ግን ወደ ፊት ተጠቅልሎ ደረቷን ውጦታል። አባባ መጠጥ ቤት ተቀምጦ «የእኔን ልጆች ከጀርባቸው ነው የምለያቸው» እያለ ይኩራራብን ነበር።

«ፎጣ አጥፌ ትከሻሽ ላይ ላድርግልሽ» ይላል ዲኒ።

«የምትንገዳገድ ጠረጴዛ አይደለሁም፣ ከሥሬ የሚወሸቅልኝ።»

«እንግዲያው ጎረቤታችሁ ፓት ይተካሽ። አንቺ ከእናትሽ ጋር ከኋላ ትከተያለሽ። ነውር የለውም።»

ነውርማ የለውም። ግን ቀዘፋውን የተውኩ ቀን ወጥ ቤት በር ላይ ቆሜ «አንተ የፈለግኸው ልጅ አልነበረም፤ መቅዘፊያ ነበር» ብዬዋለሁ። እሱ ድስቱን ማጠቡን ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ ለገና እመጣለሁ፣ አብረን ዝናቡን እናማለን፣ እሄዳለሁ። ባለፈው ሳምንት ልቡ ቀጥ አለ። ዛሬ ካልተሸከምኩት ከእንግዲህ ምን ላደርግለት እችላለሁ?

«እሸከመዋለሁ» እላለሁ።

ዲኒ አገጩን ያካል። «እስቲ በዚያኛው ጎን ቁሚ። ፊንባር፣ አንተ በእሷ ቦታ ግባ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ስንት ዓመት የለመንኩት ነገር አንዲት ቃል ብቻ ፈጀ። ሣጥኑ ከፍ ባለው ግራ ትከሻዬ ላይ ያርፋል። ፊንባር ከሣጥኑ ማዶ ክንዱን በጀርባዬ ያሳልፋል፣ እኔም በጀርባው። ጉብጠቱን ለማቃናት እየታገለ ሲያቃስት ይሰማኛል።

«ቀና በል እንጂ፣ ዳገት አይደለም።»

«አንቺ አፍሽን ዝጊና ተራመጂ።»

«እዚህም ልትነካከሱ ነው?» ትላለች ኑላ ከኋላችን።

ሣጥኑ ውኃ ልክ ሆኗል። እንነሳለን።

የቀዘፋ ክበቡ ልጆች እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ በመንገዱ ግራና ቀኝ ተሰልፈው፣ መቅዘፊያቸውን አቁመው ይጠብቁናል። ጉንጬ የሣጥኑን እንጨት ነክቷል፤ የሚታዩኝ በቀኜ ያሉት ብቻ ናቸው። ክፉ ልማድ አለብኝ፣ ከሰው ፊት በፊት ትከሻውን ነው የማየው። ይህ በግራ፣ ይቺ በቀኝ እያልኩ ለመለየት እሞክራለሁ። የሁሉም ትከሻ እኩል ነው፤ አንዱንም መለየት አልችልም።

«እነዚህ ቀዛፊዎች ናቸው?» እለዋለሁ ፊንባርን በሹክሹክታ።

«ምን ይሁኑ ታዲያ?»

«በየት በኩል እንደሚቀዝፉ አያስታውቁም።»

ፊንባር ሣጥኑን ትከሻው ላይ ያደላድላል። «አባባ በየሳምንቱ ጎን ያቀያይራቸው ነበር። በዚህ የተነሳ ስንት ውድድር ተሸነፉ። ወላጆቹ ቢጮሁበት፣ ቢያብዱበት፣ ወይ ፍንክች።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አንቺ ጥለሽው ከሄድሽ ጀምሮ።»

«ለምን አልነገረኝም?»

«አንቺስ መች ጠየቅሽው?»

መልስ አላጣም። መልስ አጥቼም አላውቅ። አሁን ግን አፌ ከአባባ ጆሮ በአንዲት ሳንቃ ብቻ ነው የተለየው፤ ከንፈሬን እነክሳለሁ።

ስናልፍ ልጆቹ አንገታቸውን ይደፋሉ። በሰልፉ መጨረሻ የቆመችው ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው፤ መቅዘፊያው ከእሷ እጥፍ ይረዝማል። አጠገቧ ስንደርስ ከቀኝ እጇ ወደ ግራዋ ታዛውረዋለች፣ ደክሟት ይሆናል። ትከሻዋ ወደ የትኛውም ጎን አያዘነብልም።