የታገዱት ዝርዝር

የቤታችን ኢንተርኔት ላይ ማጣሪያውን የጫንኩት እኔው ነኝ። ቫይረስ ያለባቸውን ድረ ገጾች ገና ሳይከፈቱ ያግዳል። የይለፍ ቃሉን የምናውቀው እኔና ባለቤቴ ብቻ ነን። የሚታገዱት ዝርዝር ላይ አዲስ ገጽ እንዴት እንደሚጨመር ጣቷን ይዤ ያሳየኋትም እኔው።

ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮ ቁጭ ብዬ የታገዱትን በስልኬ ማየት ልማዴ ነው። ዛሬ ከሐሰተኛ የሎተሪ ገጾች ሥር የእኔ ሙሉ ስም ከነአባቴ ተጽፏል። «በእጅ የተጨመረ። ምክንያት፦ ለቤተሰቡ ጎጂ።»

ብቻዬን ሳቅሁ። ባለቤቴ ቀልድ ትወዳለች፤ ስልኳ ላይ እንኳ «አኩራፊው» ብላ ነው የመዘገበችኝ።

አመሻሽ ላይ ቤት ስገባ እናትና ልጅ እራት ይበላሉ። የቀረበው ሁለት ሳህን ብቻ ነው።

«እንዴት ዋላችሁ?» አልኩ።

ሁለቱም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ።

«ኧረ በቃችሁ፣ ቀልዱ በዛ!» ብዬ ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት።

ልጄ ማንኪያዋን አስቀምጣ ዙሪያዋን ቃኘች። «እማዬ፣ አሁን የሆነ ድምፅ አልሰማሽም?»

ባለቤቴ ቀና አለችና ዓይን ዓይኔን እያየች መለሰችላት።

«ምንም አይደለም የኔ ቆንጆ፣ ብዪ። ማጣሪያው ይዞታል።»