የየሺመቤት እገዳ ሲነሳ

በጠቅላይ ፍርድ ቤት ያገለገለ ዳኛ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ አምስት ዓመት በምንም ነገር ላይ አይፈርድም፤ ሊፈርድ ሲል ምላሱ ይታሰራል። የየሺመቤት እገዳ ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል።

ባሏ ልሳነወርቅ ምስር ወጡን አቅርቦ ሰዓቱን ያያል። ጡረታ ከወጣች ጀምሮ የሚያበስለው እሱ ነው። «ይጣፍጣል?» ባላት ቁጥር ዓይኗን እየጠረገች ዝም ትላለች፤ ደስ ብሏት ይሁን ከፍቷት አያውቅም።

ስድስት ሰዓት ሆነ። የሺመቤት ጎረሰች፤ ጉሮሮዋንም ጠረገች።

«ያቃጥላል!»

«የዛሬው?»

«የአምስት ዓመቱ በሙሉ!»

ልሳነወርቅ ማማሰያውን እንደያዘ እስክስታ ወረደ። «ተናገረች! ክብርት ዳኛ፣ ይግባኝ እላለሁ!»

«ውድቅ ነው» አለች፣ በሳቅ እንባዋ እየፈሰሰ። ሳህኗን ግን ዘረጋችለት። «በል፣ ጨምርልኝ።»