የጠመንጃው ማደሪያ

በአሜሪካ አንዲት ትንሽ ከተማ የአጋዘን አደን ወቅት ሊጀመር አንድ ቀን ቀርቶት ነበር። ዱዌን የጎረቤቱን የቨርሊንን ጠመንጃ ከራሱ ቁም ሳጥን አወጣና፣ እንደ አዳኞች ደንብ፣ የጥይት መጉረሻውን ከፍቶ ባዶ መሆኑን ለባለቤቱ አሳየው። ቨርሊንም ትንሿን ጣቱን ወደ ውስጥ ሰድዶ አረጋገጠ። ሚስቱን በቀበረ በሳምንቱ «እኔ ቤት አይደር፤ ራሴን አላምነውም» ብሎ ጠመንጃውን ዱዌን ዘንድ ያመጣው ቨርሊን ራሱ ነበር።

ሬዲዮው ስለ ሰሞኑ የትምህርት ቤት ጭፍጨፋ ያከራክር ነበር፤ አንዱ ጥፋቱ የመሣሪያው ነው ሲል ሌላው የአእምሮ ሕመም ነው ይላል። ዱዌን ዘጋው።

«አንተ እኮ በከተማው ስብሰባ ላይ ጠመንጃዬን የሚነካ ወዮለት ብለህ ነበር» አለ እየሳቀ።

«አሁንም እላለሁ። ማን ነካብኝ? እኔው ነኝ ያመጣሁልህ።» ቨርሊን ጠመንጃውን አንግቶ በሩን ከፈተና ዞር አለ። «አደኑ ሲያልቅ ከስጋው ጋር መልሼ አመጣልሃለሁ። ቦታውን እንዳታስይዝብኝ።»