ግራዝማች አያልነህ የጎረሱት ጉርሻ

«መጀመሪያ እርስዎ ከእናቴ እጅ ይጉረሱልኝ... ከዚያ እኔ እበላለሁ!»

እንግዳው ይህን ሲል ድንኳኑ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ።

ቢያጨበጭቡ ይፈረድባቸዋል? ያ ድምፅ እኮ የሬዲዮው ድምፅ ነው!

ነገሩ የሆነው ወረታ ነው... በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ አገሩ ሁሉ በአንድ ሬዲዮ ዙሪያ በሚሰበሰብበት ዘመን።

ሬዲዮው የግራዝማች አያልነህ ነበር። እሁድ እሁድ ጠጅ ቤታቸው ደጅ ላይ ያስቀምጡታል። ከይፋግ ሳይቀር ሰው ይመጣል።

ለምን መሰላችሁ? ተክለ ሃይማኖት የሚባለውን የቴአትር ሰው ለመስማት!

ድምፁ ወፍራም ነው፣ ሻካራ፣ ከሆድ የሚወጣ። ክፉ ዳኛ ሆኖ ሲፈርድ ጠጪው ብርሌውን እንደያዘ ይቀራል። ሲያለቅስ ደግሞ... ወንዱ ሁሉ ፊቱን በጋቢው ይሸፍናል።

ግራዝማች ከሁሉም ይብስባቸዋል። «ዝም በሉ! የኔ ሰው ሊናገር ነው!» ይላሉ። ድምፁን እያስመሰሉ አሽከሮቻቸውን ያስደነግጣሉ።

ታዲያ ይህ ሰው ከጓደኞቹ ጋር ወደ ጎንደር ሲያልፍ ወረታ ያድራል ተባለ...

ግራዝማች በሬ ጣሉ፣ ድንኳን አስተከሉ። ካህናቱንም፣ ሽማግሌውንም፣ የቁሐር ሚካኤል አጥቢያን ሰው ሁሉ ጠሩ።

እንግዳው መጣ። ረጅም፣ ፂማም ሰው ነው። አጠገቡ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የተከናነበች አሮጊት አለች።

«እናቴ ናት። ከወንዛዬ ፍል ውሃ አሁን ማምጣቴ ነው፤ ብርድ እንዳይመታት ነው የተከናነበችው» አለ።

«አንተን የወለደች የኔም እናት ናት!» አሉ ግራዝማች።

ማዕድ ሲቀርብ እንግዳው ያን መጀመሪያ የነገርኋችሁን አለ፤ አሮጊቷም ጠቅልላ አጎረሰቻቸው። ደገመቻቸው። ሦስተኛውንማ ራሳቸው አፋቸውን ከፍተው ጠበቁ...

«ወይ ጉድ! እንዲህ ያለ ጉርሻ ከተወለድሁ ቀምሼ አላውቅም!»

አሮጊቷ ነጠላዋን ገለጠች።



ገላነሽ ነበረች...

ገላነሽ ማን ናት? የቁሐር ሚካኤል ባልቴት ነበረች። ባሏ ትቶላት የሞተው መሬት የክረምቱ ውሃ ሲሸሽ ሽምብራው የሚያምርበት ነው። ከግራዝማች ማሳ ጋር ኩታ ገጠም። «ልቀቂልኝ» አሏት። «የልጄ ነው፣ አለቅም» አለች።

ልጇ ማረው ጎረምሳ ሲሆን ድምፁ ተለወጠ፣ ሻከረ። ያን ሰሞን የግራዝማች ላም ሞተች።

ግራዝማች ገበያ መሃል ቆሙና... «የዚህ ልጅ ድምፅ የጅብ ነው! እናቱ ቡዳ ናት! ላሜን የበላችው እሷ ናት!» አሉ።

አለቀ።

ያኔ ሰዉ ቡዳ የተባለ ሰው እህል ካየበት እሞታለሁ ብሎ ይፈራል። ገላነሽ ስታልፍ ሌማት ይከደናል። እሳት እንኳ የሚያስጭራት ጠፋ። ልጇን ይዛ ወንዛዬ ተሰደደች፤ ልጁ አድጎ ከተማ ገባ፤ እሷ ግን እዚያም ወሬው ተከትሏት ብቻዋን እየበላች አረጀች። መሬቱን ግራዝማች አረሱት።

ይህን ስጽፍ እንኳ ደሜ ይፈላል!

ወደ ድንኳኑ ልመልሳችሁ። ሰዉ ሁሉ ግራዝማችን ያያል። አሁን ይጮሃሉ፣ ጣታቸውን ጉሮሯቸው ውስጥ ይከታሉ፣ ጠበል አምጡልኝ ይላሉ ብሎ ይጠብቃል...

ግራዝማች ግን አፋቸውን ጠረጉ። እንግዳቸው እንዳይከፋባቸው ሳቅ እያሉ፦

«ገላነሽ! አንቺ ነሽ እንዴ? ይሁና... ያ የድሮ ነገር ነው፣ ተይው። ጉርሻሽ ደግሞ ምን ያደርገኛል?»

እንግዳው ተነሣ።

«ለምን አልፈራህም?»

አንተ አላቸው! በዚያ ድምፅ!

«እ...?»

«ቡዳ ናት ያልህ አንተ። ከእጇ የጎረስህም አንተ። አምነህበት ቢሆን ኖሮ ይኸኔ መሬት ላይ ትንከባለል ነበር። ለምን አልፈራህም? በሬዲዮ በክርስትና ስሜ ስለጠሩኝ አላወቅኸኝም... ማረው ነኝ። የጅብ ድምፅ ያልኸኝ!»



መሪጌታ ደረሰ የሚባሉት የቁሐር ሚካኤል ትልቁ ሰው ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ግራዝማች... እርስዎን አምነን እኮ ነው እሳት የከለከልናት። ውሸት እንደሆነ ያውቁ ነበር?»

ግራዝማች ወደ ድንኳኑ በር ማየት ጀመሩ።

«ኧረ በሚካኤል! ይመልሱልን!»

«...መሬቱን ፈልጌ ነው» አሉ ግራዝማች፣ አንገታቸውን ደፍተው።

መሪጌታ ገላነሽ እግር ላይ ወድቀው አለቀሱ። ሽማግሌው፣ ካህኑ፣ ሁሉም ተነሥቶ ወጣ። ማረው እናቱን ደግፎ ወጣ። እበላለሁ ማለቱስ? አንዲትም አልቀመሰ! ያ ሁሉ ሥጋ ለውሻ ሆነ።

መሬቱ በሽማግሌ ለገላነሽ ተመለሰ። ግራዝማች ጋ ግን ማንም ድርሽ አላለም። ጠጅ ቤቱ ወና ሆነ። ማኅበር ሲጠጣ አይጠሩም፣ እሳቸው ሰው ሲጠሩም የሚመጣላቸው የለም።

በመጨረሻ ለዐቢይ ጾም መያዣ፣ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው፣ ካህናት አስከትለው ገላነሽ ደጅ ወደቁ።

«ድንጋዩን አውርድ» አለች። «ለነፍሴ ስል ይቅር ብዬሃለሁ።»

ካህናቱ «ተመስገን!» ብለው የዕርቁ ማዕድ ይቅረብ ሲሉ... እጇን አነሣች።

«እህሉን ተዉት። አብሬው አልበላም። እኔ ብቻዬን የበላሁትን ያህል እሱም ብቻውን ይብላ።»

በሩን ዘጋች።

እኔ በበኩሌ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! «ይህማ ይቅርታ አይደለም» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እሺ... ግን የሰው ስም በውሸት ያጠፋ ሰው፣ የተበደለው ይቅር ስላለው ብቻ የቀማውን ያን ሁሉ ዘመን መመለስ ይችላል?

ስለ ሰው ክፉ ከማውራታችሁ በፊት፣ ያወራችሁትን እናንተ ራሳችሁ ታምኑበት እንደሆነ ጠይቁ።

አሁን እናንተ ተናገሩ... ገላነሽን ብትሆኑ ከግራዝማች ጋር አብራችሁ ትበሉ ነበር? ለሰው ይምሰል ሳይሆን የልባችሁን ጻፉልኝ። 👇