ለቁልቁለት የሚሆን ፍሬም

«ይሄኛው ለቁልቁለት አይሆንም፤ ሞላው አጭር ነው» አለ ባለ ሱቁ ወንድይፍራው፣ የብስክሌቱን ፍሬም ከእጄ ወስዶ እየሰቀለ።

«ባለ ረጅም ሞላውን ሳነሳ ከባድ ነው አልከኝ። ቀላሉን ሳነሳ ይሰበራል አልከኝ። መሸጥ ካልፈለግክ ሱቁን ለምን ከፈትከው?»

ስልኩ በጠራ ቁጥር ጓዳ ገብቶ ያንሾካሹካል፤ ሲመለስ ሌላ ሰበብ ይዞ ይመጣል። ደሜ ፈላ። ታናሽ ወንድሜ ያንን የተሰነጠቀ ፍሬሙን አስበይዶ ዛሬም በቁልቁለት ሊጋልብ ተራራ ወጥቷል። እኔ የመጣሁት እሱ ሳይመለስ አዲስ ገዝቼ አሮጌውን ልጥልበት ነው።

«ቀዩን አውርድልኝ። ሆነም አልሆነም እወስደዋለሁ።»

«ትንሽ ቆይ፣ ወንድሜ። ሻይ ላስመጣልህ።»

«ሻይህን ራስህ ጠጣው» ብዬ ወደ በሩ ዞርኩ። ቀድሞኝ ሄዶ በሩን ዘግቶ ቆመ። ደረቱን ይዤ ገፈተርኩት፤ ከበሩ አልተነቃነቀም። በመስታወቱ ወደ ውጭ አየና «መጡ» አለ በቀስታ፣ ከበሩም ዞር አለልኝ።

አንድ ሚኒባስ ሱቁ ፊት ለፊት ቆመ። መጀመሪያ አጎቴ ወረደ። አክስቶቼ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተከተሉት።